የደጋ አዕዋፍ ተመራማሪ ሙያና የባዶው ካሬ ጥያቄ

(በሸርቆሌ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻቸው በማኅበራችን አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የመጣነው በደጋና በተራራ ላይ የሚኖሩትን አዕዋፍ በማጥናት ዕድሜያቸውን ስላሳለፉ ሰዎች ሙያ ነው። ከመካከላችሁ «እኛ በቆላ ተወልደን በቆላ ያደግን ነን፤ የሰሜን ተራራ ወፍ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብትታገሡን፣ በአንኮበር ገደል ላይ የተገኘች አንዲት ትንሽ ወፍ ለሸርቆሌ ተማሪ የምታስተምረው ነገር እንዳላት እናሳያችኋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ የሙያውን ምንነት እንግለጽ። ኢኮሎጂ ማለት ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት እርስ በርሳቸው፣ እንዲሁም ከአፈሩ፣ ከውሃውና ከአየሩ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር ትምህርት ነው። በመስክ ላይ የሚሠራ የኢኮሎጂ ባለሙያም ወፏን ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ ሳይሆን ከምትኖርበት ቦታ ሄዶ የሚያጠና ሰው ነው። ምን ትበላለች? ጎጆዋን የት ትሠራለች? ከስንት ሜትር ከፍታ ጀምሮ ትታያለች፣ በስንትስ ላይ ታበቃለች? ዘንድሮ ስንት ናት፣ ከዐሥር ዓመት በፊትስ ስንት ነበረች? የሙያው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ይህን ዕውቀት ጨርሶ ከባሕር ማዶ የመጣ አድርገን አንቍጠረው። ማሽላ በሚያሽትበት ወራት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ የትኛዋ ወፍ በማለዳ፣ የትኛዋ በሠርክ እንደምትመጣ፣ የትኛዋ በመንጋ፣ የትኛዋ ለብቻዋ እንደምትወርድ ያውቃል። ሊቁ ከዚህ ልጅ የሚለየው በብዙ ነገር ቢሆንም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለየው ግን ያየውን በዕለቱ ስለሚጽፍ ነው።

የአገራችንን የደጋ አዕዋፍ በሳይንስ ጽሑፍ በሰፊው ካስታወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆኑት ኤድዋርድ ሩፔል ናቸው። ሩፔል በ1831 በምጽዋ በኩል ገብተው ወደ ሰሜን ተራራዎችና ወደ ጎንደር ዘለቁ። ወፍራም ምንቃር ያለውን ቁራ፣ ክንፏ ሰማያዊ የሆነውን የደጋ ዝይ፣ እንዲሁም ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስታወቁት እሳቸው ናቸው። የሰበሰቡትም ሁሉ በጭነት ወርዶ፣ በመርከብ ተሻግሮ ፍራንክፈርት ከሚገኘው ከዜንከንበርግ ሙዚየም ገባ። ከደጋ ቆቆቻችን አንዷ እስከ ዛሬ በሳይንስ የምትጠራው የሩፔል ረዳት በነበረው በቴዎዶር ኤርክል ስም ነው። በገደሉ መንገድ የመሩት፣ ወፏ ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደምትነሣ ያሳዩት የሰሜን ባላገሮች ስም ግን በአንዲቱም ወፍ ላይ አልተጻፈም። ይህን የምንለው ሙታንን ለመውቀስ አይደለም። ስም የሚያወጣው ጽፎ የያዘው ሰው መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ሩፔል እንደ ዘመኑ ልማድ ሰብስበው የሄዱ ሰው ነበሩ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የመጡት ደግሞ ቆይተው መቍጠር የጀመሩ ናቸው። ሚስተር ሌስሊ ብራውን በኬንያ የእርሻ ባለሥልጣን ነበሩ። ደመወዝ የሚከፈላቸው ለእርሻ ሥራ እንጂ ለወፍ አልነበረም። ሆኖም በዕረፍት ቀናቸው በኤምቡ ኮረብቶች ላይ የሚኖሩትን ንስሮች ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ ጎጆ ለጎጆ ተከታተሉ። የትኛዋ ንስር በየትኛው ዓመት እንደወለደች፣ ጫጩቷ እንዳደገች ወይም እንደሞተች ሁሉ መዘገቡ። በ1963 ከመንግሥት ሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ወደ አገራችን መጥተው የሰሜንንና የባሌን ተራራዎች በእግርና በበቅሎ ዞሩ፤ ያዩትንም በ1965 በታተመ መጽሐፍ ገለጹ።

በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ፣ ማለትም በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ፣ የባዮሎጂ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ኤሚል ኧርባን ከብራውን ጋር ተባብረው በሻላ ሐይቅ የሚዋለዱትን ፔሊካኖች አጠኑ። በ1971ም ሁለቱ በአንድነት የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር አዘጋጅተው በዩኒቨርስቲው ማተሚያ አሳተሙ። ዝርዝር ማዘጋጀት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ አገር ያለውን ሳይዘረዝር የጎደለውን ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንምጣ። ዶክቶር ጆን አሽ በ1925 የተወለዱ እንግሊዛዊ ናቸው። በአገራቸው ቆቅን የመሳሰሉ የአደን አዕዋፍን በሚመለከት የምርምር ሥራ ሲሠሩ ቆይተው፣ በ1969 አዲስ አበባ ይገኝ ወደነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ጣቢያ መጡ። ሥራቸውም ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ ወፎች ይዘዋቸው የሚመጡትን የበሽታ ተዋሲያን ለመመርመር ወፎችን በስስ መረብ እየያዙ፣ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት በእግራቸው ላይ እያሰሩ መልቀቅ ነበር። እስከ 1977 ድረስ በቆዩባቸው ዓመታት ሥራቸው በፈቀደላቸው መጠን አገሪቱን አዳረሱ።

በ1976 አንኮበር አጠገብ፣ ከተራራው ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቀው ገደል አፋፍ ላይ፣ ቡናማ መልክ ያላት፣ መስመር መስመር የተጣለባት፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ አዩ። በየትኛውም መጽሐፍ አልነበረችም። በ1979 በአንኮበር ስም ተሰይማ ለዓለም ታወቀች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንኮበር የተደበቀ ቦታ አይደለም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች ተቀምጠውባት እንስሳውንም እፅዋቱንም ጽፈዋል። ከአዲስ አበባም ቢሆን በመኪና በአንድ ቀን የሚደረስባት ናት። እንዲህ ያለ የታወቀ ቦታ አንዲት ወፍ እስከ 1976 ድረስ ከሳይንስ ሰውሮ ካቈየ፣ ያልታወቀው ቦታ ምን ያህል ይሰውር ይሆን? ከዚህም በላይ ለሃያ ዓመት ያህል ይህች ወፍ ከአንኮበር አካባቢ በቀር ሌላ ቦታ የለችም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በሰሜን ተራራዎች ላይ ተገኘች። ወፏ ድንገት በርራ የሄደች አይደለችም፤ የዘገየው ተመልካቹ ነው።

ዶክቶር አሽ ከጆን አትኪንስ ጋር ሆነው በ2009 የኢትዮጵያንና የኤርትራን አዕዋፍ ሥርጭት የሚያሳይ ትልቅ የካርታ መጽሐፍ አወጡ። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ አገሩ በእኩል ካሬዎች ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ ካሬ ጎን ግማሽ ዲግሪ፣ ማለትም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዲት ወፍ በአንድ ካሬ ውስጥ ከታየች ምልክት ይደረግበታል፤ ካልታየች ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ባዶ ካሬ ማለት ወፍ የለበትም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ትርጓሜው ደብተር የያዘ ሰው አልረገጠውም ማለት ነው። ምልክት የሚበዛው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በዋና ዋና መንገዶች ዳር ነው። የካርታው ምልክት የወፍን ኑሮ ብቻ ሳይሆን የመኪና መንገድንም ታሪክ ይነግረናል።

«ታዲያ ወፍ መቍጠር ለተራበ ሕዝብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ብርቱ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። እኛም እርስ በርሳችን ተከራክረንበታል። መልሱን ከሕንድ አገር እንውሰድ። ቪቡ ፕራካሽ የተባሉ ሕንዳዊ ተመራማሪ በ1980ዎቹ በኬኦላዴኦ ፓርክ የጥንብ አንሣዎችን ጎጆ ቆጥረው ነበር። በ1990ዎቹ ተመልሰው ሲቆጥሩ እጅግ መመናመናቸውን ተመለከቱ፤ ይህንንም በ1999 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሲመረመር፣ ለከብት ሕመም የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በጥንቡ በኩል ወፎቹን እየገደለ መሆኑ በ2004 ታወቀ። ከሦስቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሆነው አልቆ ነበር። ጥንቡ ሜዳ ላይ በሰበሰ፣ የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር ጨመረ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም ከፍ አለ። በ2006 ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሠራ ከለከሉ። የ1980ዎቹ ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ግን የ1990ዎቹ እልቂት «ድሮ ብዙ ነበሩ» ከሚል የሽማግሎች ወሬ አያልፍም ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያልቆጠሩትም ወፍ ሲጠፋ አያሳዝንም።

በእኛም አገር ይህን ሥራ የያዙ ወገኖች አሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው፤ በ1996ም ለአዕዋፍ ጠቃሚ የሆኑትን ሥፍራዎች የሚዘረዝር የመጀመሪያውን መጽሐፍ አሳትሟል። በነገሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ ብቻ ትኖር ስለነበረችው የሣር ወፍ በ2009 የወጣውን ጥናት ከጻፉት መካከል መንግሥቱ ወንዳፍራሽና ይልማ ደለለኝ አበበ ይገኙበታል። ጥናቱ የግጦሽ መሬቱ መጎዳት በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የወፍ ዘር መጥፋት ሊያስከትል እንደ ተቃረበ አስጠነቀቀ። መፍትሔውም ከቦረናዎች ባህል ተገኘ፤ ይኸውም ሣር ለጥጃ የሚከለልበት የካሎ ሥርዓት ነው። ሣሩ ሲያገግም ለከብቱም ለወፏም ሆነ።

የመንዝ ጓሳም እንዲሁ ነው። የመንዝ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሣሩን በራሱ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ በመከራ ጊዜ እየከፈተ ይጠቀምበት ነበር። ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ አሮጌው ሥርዓት ቢላላም፣ ነዋሪው በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን ቀጥሏል። ዘለዓለም ተፈራ ይህን ሥርዓት ካጠኑት ኢትዮጵያውያን የኢኮሎጂ ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። ከዚህ የምንማረው፣ የደጋ ወፍ ተመራማሪ ከወፏ ጋር ብቻ ተነጋግሮ ሊሠራ እንደማይችል ነው። በተራራዎቻችን ላይ የገብስ እርሻ ከ3,500 ሜትር በላይ የወጣበት ቦታ አለ። ማረሻው ሲወጣና አየሩ ሲሞቅ የደጋ ወፍ ወደ ላይ ትሸሻለች፤ ከጫፉ በላይ ግን ሌላ ተራራ የለም። ይሁን እንጂ ገበሬው ያን ያህል ከፍታ የወጣው በጥጋብ አይደለም፣ ከታች መሬት ቢጠበው ነው። ስለዚህ ገበሬውን እንደ ጠላት የሚያይ ተመራማሪ ወፏንም አያድናትም።

ስለ ሙያው አስቸጋሪነት ሳንናገር ብናልፍ እናታልላችኋለን። ሥራው የሚጀመረው ሳይነጋ፣ ውርጩ ሣሩን ሳይለቅ ነው። ተመራማሪው አስቀድሞ በተወሰነ ቀጥተኛ መስመር ላይ በዝግታ እየተራመደ፣ ያያትንና የሰማትን ወፍ ሁሉ ከነርቀቷ ይጽፋል። ርቀቱ የሚጻፈውም የራቀች ወፍ ከዓይን ስለምታመልጥ ነው፤ ያመለጡት በግምት የሚታወቁት በዚህ ስሌት ነው። ያንኑ መስመር በክረምትም በበጋም፣ በሚመጣውም ዓመት ይደግመዋል። ጭጋግ ከወረደ ሙሉ ቀን ከንቱ ይሆናል። የአንድ ቀን ቆጠራ ወሬ ነው፤ የዐሥር ዓመት ቆጠራ ግን ማስረጃ ነው። በዚህ መካከል የክፍል ጓደኞቹ ሹመትና ቤት ያገኛሉ። ቤተ ዘመድ «ልጃችን ተምሮ ወፍ ሲያሳድድ ይውላል» ይላል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ብቻዋን ተራራ መውጣቷ ራሱ ክርክር ያስነሣል። በየትምህርት ቤቱም ባዮሎጂን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ተምሮ፣ አንዲት ሌሊት በመስክ ሳያድር የሚመረቅ ብዙ ነው። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም። መነጽርና ድንኳን ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ ወጪ ስለ ሆነ ነው።

ታዲያ ወደ ሸርቆሌ እንመለስ። ወደዚህ ወደ ቤላ ሻንጉል ምድር ከመጡት የቀድሞ መንገደኞች አንዱ ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኩቨር በ1881 በሱዳን በኩል ገብቶ ነበር። እሱም እንደ ሌሎቹ የሰበሰበው ዕቃ ወደ አውሮፓ ሄደ። ከ1964 ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስም የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሩ፤ መልካም አደረጉ። እኛ ግን ከእንግዲህ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ መጠበቅ ይበቃል እንላለን። እንግዳ ለአንድ ወር ይመጣል፤ ወፍ ግን ዐሥራ ሁለቱንም ወር አለች። ዐሥራ ሁለቱን ወር እዚህ ያለው ማን ነው? እናንተ ናችሁ።

የሚመለሱ ጥያቄዎችም በደጃችሁ ናቸው። የቆላ ቀርቀሃ ዘመኑን ጠብቆ በአንድ ጊዜ አብቦ፣ ፍሬ አፍርቶ ይደርቃል። ያ ፍሬ ሲፈስ የትኞቹ ወፎች ይሰበሰባሉ? ቀርቀሃው ሲደርቅስ ወዴት ይሄዳሉ? በበጋ ሣሩ ሲቃጠል ከእሳቱ ፊት አንበጣ ለመልቀም የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የአባይን ሸለቆ ንጋት ወደተባለ ሰፊ ሐይቅ ለውጦታል። በዚህ አዲስ ውሃ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዋጋው የማይተመን መዝገብ ይኖረዋል። ከ1997 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሸርቆሌ ተጠልለዋል። ነዋሪውም ስደተኛውም ማገዶ ያስፈልገዋል። የዛፉ መሳሳት በወፎቹ ላይ ያመጣውን ለውጥ ማንንም ሳይከሱ ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ከደጋውም ጋር ቢሆን ተለያይታችሁ አትኖሩም። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኝና ከ1899 ጀምሮ በሳይንስ የታወቀች አንዲት ቆቅ የምትኖረው በአባይና በጀማ ሸለቆ አፋፎች ላይ ነው። በእሷ ደጃፍ ያለፈው ውሃ ወደ እናንተ ይወርዳል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። የወፏን ስም በበርታ ቋንቋ፣ ወይም በየራሳችሁ ቋንቋ አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ እንደሚጠሯት ጻፉ፤ የሳይንሱ ስም በኋላ ይደረስበታል፤ የአገሩ ስም ግን ከሽማግሎቹ ጋር ሊቀበር ይችላል። ስንት እንደ ነበሩና ምን ሲያደርጉ እንዳያችኋቸው ጻፉ። ያላያችሁትን አትጻፉ። የተጠራጠራችሁትን «አጠራጣሪ» በሉት። በሳምንት አንድ ቀን በአንድ መንገድ ብቻ ተመላለሱ፤ መንገዱንም አትቀይሩ። መምህራኖቻችን ደብተሮቹን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስቀምጡልን እንለምናለን፤ የዘንድሮው ተማሪ ሲሄድ የሚመጣው ከቆመበት እንዲቀጥል ነው።

ከአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ውስጥ የብዙዎቹ ኑሮ ገና በቅጡ አልተጻፈም። የደጋው ልጅ የደጋውን፣ የቆላው ልጅ የቆላውን ቢጽፍ፣ ሁለቱ ደብተሮች አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ነገ ይህን ሙያ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ባሌ ተራራ ብትወጡ፣ በዚህ በሸርቆሌ መንገድ የለመዳችሁት ቆጠራ እዚያም ያው ነው። ማኅበራችን በበኩሉ የምትልኩትን መዝገብ ተቀብሎ በዚህ ጋዜጣ ላይ በጻፋችሁት ሰዎች ስም ለማውጣት ቃል ይገባል።